ሰናይት ያበራችው አዳራሽ

ዛሬ አመሻሽ ላይ እዚሁ ላሊበላ የአንድ ሆቴል አዳራሽ መብራት ሲበራ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው የእኔው እናት ናት።

መብራቱን የነደፈችው የክፍል ጓደኛዬ ሰናይት ናት። ሁለታችንም የአርክቴክቸራል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። ለመብራት ዲዛይን ኢንተርንሺፕ አብረን አመልክተን እሷን ወሰዷት። የመጀመሪያ ሥራዋ ደግሞ የእኔ አገር! (ማደሪያዋም የእኔ አልጋ።)

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

እንከን ፈልጌ አጣሁ። ቅናት አላስችል ብሎኝ "ትንሽ በዛ" አልኳት።

አመነችኝና ቀነስ አደረገችው። የአዳራሹ የድንጋይ ግድግዳ ይበልጥ አማረ፤ ጭብጨባው እንደገና ቀለጠ።

"አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!" ብላ አቀፈችኝ።

እናቴ "እሰይ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ!" አለቻት። ወደ እኔ ዞራም "አንቺስ መቼ ነው?"

እናንተስ፣ ለማንኳሰስ የወረወራችሁት ቃል ሰው ጠቅሞባችሁ ያውቃል? ተናገሩ እስቲ፣ ብቻዬን አልቃጠል።