ለተሾመች ዓይን የታደሰ ቤት

ደምሰው የሰው ቤት በማሳመር ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ከጎፋ ኮንዶሚኒየም እስከ ፉሪ አዳዲስ ቪላዎች ድረስ እጁ ያላረፈበት ሰፈር የለም። ጂፕሰም ይሠራል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ ሴራሚክ ያነጥፋል፤ ግድግዳ አፍርሶ ጠባቡን ቤት ሰፊ ማድረግ ደግሞ ስሙ የተጠራበት ሙያው ነው። ደንበኞቹ ስልካቸውን እያወጡ የውጭ አገር ቤት ፎቶ ሲያሳዩት አንገቱን ቀለስ አድርጎ ያይና «ይሄማ ቀላል ነው» ይላል። ከባድ ሲሆንበትም የሚለው ይህንኑ ነው። በሥራው ትንሽ ይኮራል፤ ደግነቱ፣ ኩራቱን የሚሸከም እጅ አለው።

የራሱ ቤት ግን መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ በተሠራበት ዘመን እንደቆመ ነበር። ሊሾ ወለል፣ አቡጀዲ ኮርኒስ፣ ጠባብ ሳሎን፣ ከሳሎኑ በብሎኬት ግድግዳ የተለየች ጨለም ያለች ኩሽና። ሚስቱ ተሾመች ድሮ፣ ዓይኗ ደህና ሳለ፣ የሠራቸውን ቤቶች በፎቶ እያየች ታበሽቀው ነበር። «ለሰው ሲሆን ቤተ መንግሥት ትሠራለህ፣ ለእኔ ሲሆን ሚስማር ለመምታት ቀጠሮ ትሰጣለህ» ትለዋለች። እሱም ይስቅና «ቆይ ብቻ፣ ያንቺም ተራ ይደርሳል» ይላታል። ተራዋ ሳይደርስ ዓይኗ ቀደመ።

በአንድ ቀን አልጠፋባትም። ከዳር ከዳር እየጨለመ መጣ። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም አሏት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሁሉ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ቤቷን በእጇ ትማር ጀመር። ከአልጋዋ እስከ መኝታ ቤቱ በር አምስት እርምጃ። ከበሩ ወጣ ሲሉ በስተቀኝ የቡፌው ጠርዝ። ቡፌው ሲያልቅ ግድግዳው ይቀበላታል፤ እሱን በመዳፏ እየዳበሰች ስትሄድ የኩሽናው በር ይመጣል። ምንጣፉ አልቆ ሊሾው እግሯን ከቀዘቀዘው ምድጃዋ አጠገብ ደርሳለች ማለት ነው። ይህን አውቃ እስክትጨርስ ሦስት ዓመት ፈጀባት። ከዚያ በኋላ ሽሮ መሥራት ቢባል፣ ምስር መልቀም ቢባል፣ ለመጣ ሰው ሻይ አፍልቶ ጠብ ሳያደርጉ መቅዳት ቢባል የሚስተካከላት አልነበረም። ጎረቤቷ ዓለሚቱ «እስቲ ላግዝሽ» ካለቻት ትቆጣለች።

«ደጅ ስወጣ አግዢኝ። ቤቴ ውስጥ ግን ዕውር አይደለሁም» ትላታለች። እውነቷን ነበር።

ይህን ንግግር ደምሰው መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? ጆሮም እንደዚያው ነው።

ባለፈው ዓመት የፍልሰታ ጾም ሲገባ ተሾመች ከእህቷ ጋር ወደ አንድ ሩቅ ጸበል ሄደች። አሥራ አምስቱንም ቀን ሱባኤ ይዛ ልትጠመቅ ነው። ደምሰው መናኸሪያ ድረስ ሸኝቷት ሲመለስ ቤቱ ጭር አለበት። ስትመጣ ደስ እንዲላት ቀለም ልቀባላት ብሎ አሰበ። ቀለም ብቻ! ምነው እዚያ ላይ በቆመ ኖሮ።

በሰባተኛው ቀን ስልክ ደወለች።

«እንዴት ነሽልኝ ተሹ? ዓይንሽስ?» አላት።

«ተመስገን ነው። ብርሃን ብርሃን ይለኛል» አለችው።

ብርሃን የሚባል ነገር አልታያትም ነበር። ነገር ግን የባሏን ድምፅ ታውቃለች፤ የዚያን ቀን ድምፁ እንደ ሕፃን የሚለምን ሆነባት። ቢያንስ ሱባኤው እስኪያልቅ ተስፋው ይቆይለት ብላ ነው። እሱ ስልኩን ዘግቶ ወደ አቦ ዞረና ተሳለመ። ቁጭ ብሎም አለቀሰ። ከዚያ ተነስቶ መዶሻ ያዘ።

ለዓመታት አብሮት የሚሠራው ግንበኛ ቱሉ በነጋታው ሲመጣ ቀለሙ ተረስቶ ዕቃው ሁሉ ግቢ ወጥቶ አገኘው።

«ጋሽ ደምሰው፣ ግድግዳውን እንኳ እትዬ እስኪመጡ ብናቆየው ምናለ?» አለ ቱሉ ፈራ ተባ እያለ።

«ምን ልትል ነው? አታይም ልትል ነው?»

«ኧረ እሱን አላልኩም።»

«እንግዲያው አፍርስ!»

ቱሉ ምን ያድርግ? በጸበል የመጣን ተስፋ ሰው ፊት ለፊት አይጠራጠርም፤ ነውር ነው። ዝም ብሎ አፈረሰ።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ደምሰው ሠራተኛ ጨምሮ ሌት ተቀን እየሠራ ለሰው ሲሠራ ያየውን ምርጥ ምርጡን ሁሉ እቤቱ አስገባ። ሳሎኑና ኩሽናው አንድ ሆኑ። መሐላቸው ላይ ግራናይት የለበሰ ባንኮኒ ቆመ። ሊሾው ላይ እንደ መስታወት የሚያበራ ነጭ ሴራሚክ ተነጠፈ። ኮርኒሱ በጂፕሰም ተሠርቶ ዙሪያውን የተደበቀ መብራት ገባለት። የኩሽናው ካቢኔት እጀታ የሌለው፣ ጫን ሲሉት ብቻ የሚከፈት ሆነ፤ ዘመናዊው እሱ ነው። ምድጃውም ማዞሪያ የለውም፤ ለጥ ያለ ጥቁር መስታወት ነው፤ በጣት ሲነኩት ይሠራል። ቡፌው ከዚህ ሁሉ ጋር አልሄድ አለውና ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ሰጠው። ምንጣፉንም መርቆ ሸኘው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ማታ መብራቱን ሁሉ አብርቶ መሐል ላይ ቆመ። ዓይኗ ሲገለጥ መጀመሪያ የምታየው ይህን ነው። ደስታው አላስተኛውም።

ጾሙ በተፈታ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ተሾመች ከታክሲ ወረደች። ደምሰው ምንም አልነገራትም ነበር። ዓለሚቱና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች በሩ ላይ ሆነው እልል አሉ። ተሾመች ፈገግ ብላ የእህቷን ክንድ ለቀቀች። ከደጃፏ ወዲያ ድጋፍ አትሻም። የራሷን ደፍ ተሻገረችና እንደ ወትሮዋ ቀኝ እጇን ወደ ቡፌው ዘረጋች።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

አንድ እርምጃ ጨምራ ደግማ ዘረጋች። ምንም የለም። እግሯ በማታውቀው ለስላሳ ነገር ላይ ሸርተት አለባት። ቆመች።

«ደምሰው» አለች ቀስ ብላ፣ «የማን ቤት ነው ያመጣችሁኝ?»

እልልታው ተቋረጠ። ደምሰው ያን ሁሉ መብራት አብርቶ ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ እሷ ግን የምትጣራው በእሱ በስተግራ ወዳለው ባዶ ቦታ ዞራ ነው። ያኔ ገባው።

«ቤትሽ ነው ተሹ» አላት።

ተሾመችም ገባት። የቀለሙ ሽታ፣ ቃል ስትናገር የሚያስተጋባው ስፋት፣ የእግሯ ሥር ነገር፤ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋ ምን እንደሠራ አወቀች። ለምን እንደሠራውም አወቀች። ጎረቤት ፊት ልታሳፍረው አልፈለገችም። ፊቷን ወደ ልሙጡ ግድግዳ አዞረችና «እንዴት ነው የሚያምረው!» አለች። ዓለሚቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ባልና ሚስቱ አዲሱ ሶፋ ላይ ተቀመጡ።

«ብርሃን ብርሃን ይለኛል ያልኩህ ውሸቴን ነበር» አለችው። «አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነው። ይህን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

«መዶሻውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ደምሰው። «ነገ ከቱሉ ጋር ግድግዳውን እንመልሰዋለን።»

«ቡፌውስ?»

«ፈልጌ አመጣዋለሁ» አላት። በነጋታውና በተከታዩ ቀን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበትን ሁሉ አሰሰ። ቡፌው እጅ በእጅ አልፎ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ለሚስቱ ይህን ሲነግራት እጁን ያዘችው።

«ተወው በቃ። ብትገነባውም ሌላ ግድግዳ ነው። ያን ቤት ለመልመድ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያኔ ጉልበት ነበረኝ። አሁን እንደገና ለመጀመር ደከመኝ፣ ደምሰው።»

ግን ሞከረች፤ አልሞከረችም አይባልም። በመጀመሪያው ሳምንት የባንኮኒው ጠርዝ ጎኗን መታት። ካቢኔቱን ብትዳብሰው ዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው፤ የቱ ጋ ጫን እንደሚሉት ጠፋባት። አንድ ቀን ምድጃው በርቶ ይሁን ጠፍቶ ሳታውቅ መዳፏን አሳረፈችበትና ተቃጠለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ኩሽና አልሄደችም። ጠዋት ደምሰው ሶፋው ላይ አስቀምጧት ይወጣል፤ ዓለሚቱ ምሳ ታመጣላታለች። ድሮ «ላግዝሽ» ስትባል የምትቆጣዋ ተሾመች አሁን «እግዜር ይስጥሽ» ብላ ትቀበላለች። ደምሰውን የሚገድለው ይህ ነው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

የቤቱ ወሬ ግን ዞረ። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ናፍቆት የምትባል የባንክ ሠራተኛ ከጎፋ መጣች። ኮንዶሚኒየሟን ልታሳድስ ነው፤ የደምሰውን ሥራ በዓይኗ ልታይ ፈለገች። ገና ከመግባቷ አፏን ከፈተች።

«ጋሽ ደምሰው፣ ኧረ ይሄ ጉድ ነው! ልክ እንዲህ ነው የምፈልገው» አለች። ካቢኔቱን ጫን እያደረገች ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ሶፋው ላይ ወደተቀመጠችው ተሾመች ዞራ «እማማ፣ ታድለው! ምን ጎደለብዎት?» አለቻት።

ተሾመች ድምፁን ተከትላ ፈገግ አለች። እንግዳ ገብቶ ምንም ሳይቀምስ መውጣቱ አላስችል ስላላት እጆቿን ሶፋው ላይ ተደግፋ ብድግ አለች። ቆመች። ወደ ግራም ወደ ቀኝም እጇን ሰነዘረች፤ የሚይዛት ነገር የለም። ደምሰው ሊረዳት ሲነሳ ኮቴውን ሰማችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«የኔ ልጅ፣ አትታዘቢኝ» አለች ለናፍቆት። «ብርጭቆው የት እንዳለ አላውቅም። እኔም ለዚህ ቤት እንግዳ ነኝ።»

ናፍቆት ቀልድ መስሏት ሳቀች። ደምሰው አልሳቀም። ወደ ካቢኔቱ ሄደ፣ ሁለት ብርጭቆ አወጣና ውኃ ቀዳ። አንዱን ለናፍቆት ሰጠ። ሌላውን ይዞ ሚስቱ ፊት ጎንበስ አለ፤ እንግዳ እንደሚስተናገድ በሁለት እጁ አቀረበላት።

ተሾመች ጣቶቹን ዳብሳ ብርጭቆውን አገኘችውና ከመቀመጫዋ ትንሽ ከፍ ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ተቀበለችው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው።