የጎረቤቴ ፍሪጅ

ሶዌቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ የምኖረውም እዚያው ነው። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ «ከባድ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው፤ ቤታችሁ ደካማ ከሆነ ውጡ» የሚል መልእክት በየስልኩ ይንጫጫ ጀመር። መሃል ከተማው ጀፕስታውን ሰፈር ያለው የአጎቴ ልጅ ሙዘሚል ደወለና «ዕቃህን ጫንና ቶሎ ና!» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መሸሽ ሰልችቶኛል። በዘረፋ ጊዜ ሁለቴ ሸሽቻለሁ፤ ሁለቴም ስመለስ የጠበቀኝ ባዶ ሱቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ግድግዳውን በብሎኬት፣ በሩንና ጣራውን በወፍራም ብረት አሠራሁ። ግን ያ ሁሉ ለሰው ነበር፤ ነፋስ ይችል አይችል በምን አውቃለሁ?

ስኳሩን መኪናዬ ላይ እጭናለሁ፣ ደግሞ ሐሳቤን ለውጬ አወርዳለሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ይሄኔ የፊት ለፊት ጎረቤቴ ትልቅ ፍሪጅ በጋሪ እየገፋ መጣ።

«ማይ ፍሬንድ፣ የኔ ጣራ ይሄን ነፋስ አይችለውም። ያንተ ቤት ጠንካራ ነው። እስኪያልፍ ድረስ አስቀምጥልኝ፣ እባክህ!»

እንቢ ማለት አልቻልኩም። የሰው አደራ ተቀብዬ ደግሞ የት እሄዳለሁ? ለሙዘሚል ደወልኩና «ቀርቻለሁ» አልኩት።

ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ። እኔም ፍሪጁን ጥግ ላስይዘው ሳዞረው፣ ጀርባው ላይ በማርከር የተጻፈ ነገር አየሁ። በአማርኛ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ «ሶኬቱ እንዳይነቀል» ይላል።