የግሉኮስ ጠባቂ ሳለሁ

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል የተኛች እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ «አስታማሚዎች ግሉኮስ አትንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ነርሷ አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው አልጋ አጠገብ ተቆጥታ ስታስነሣ ሳይ እግሬ አላርፍ አለኝ፤ ኮሪደሩን ስመላለስበት ቆይቼ እህቴን በቅጡ ሳልሰናበት ወጣሁ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሃያ ዓመቴ ነበር። በገላባት ወደ ሱዳን ተሻግረን፣ በሎሪ ተጭነን፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ካለ የስደተኞች ሰፈር ገባን። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ዐረብኛም መልቀም ጀምሬያለሁ፤ ስለዚህ በድንኳኑ ክሊኒክ የግሉኮስ ጠባቂ አደረጉኝ። ሥራው ጠብታውን ማየትና መርፌው እንዳይነቀል መጠበቅ ነው። ግን ሃያ በሽተኛ በምንጣፍ ላይ ተደርድሮ፣ ነፋሱ ድንኳኑን እያርገበገበ፣ አቧራው ከምሳችን ምስር ጋር በጥርሳችን መሐል እየተንቀጫቀጨ ዓይኔ የቱ ጋ ይረፍ? በዚያ ላይ ትንሽ ሥልጣን ቀምሻለሁ፤ አፌም እጄም ፈጣን ነበር።

አያ ዘለቀ ከቋራ በእግራቸው የመጡ ገበሬ ነበሩ። ከቤተሰባቸው የቀረቻቸው የሰባት ዓመቷ ጥሩወርቅ ብቻ ናት፤ እሷንም ተቅማጥ አድርቋታል። ዘወር ስል፣ ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ይከፍቷታል፤ ጠብታው ወራጅ ይሆናል። በረሃብ የደከመ ልብ ብዙ ውሃ ባንዴ አይችልም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም።

«አያ፣ አይንኩ አላልኩዎትም?»

«ደርቃ ሳለ በጠብታ ነው የምታጠጧት? ጨምሪላት እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

ሦስተኛ ጊዜ ሲከፍቱ ያዝኳቸው። ለሱዳናዊው ነርስ ሳልነግር በክንዳቸው ጎትቼ ከድንኳኑ አስወጣኋቸው። «ኸላስ፣ በቃ፣ እስክጠራዎ እንዳይገቡ» አልኳቸው። ጸሐዩ ላይ ቁጢጥ አሉ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ወደ ሌላው በሽተኛ ዞርኩ።

ጥሩወርቅ ነቅታ አባቷን አጣች። መርፌውን መንጭቃ ልትነሣ ስትል ወደቀች። ስደርስ ምንጣፉ በደም ርሷል፣ ከንፈሯ ነጥቷል። ነርሱ በእጇም በእግሯም ደም ሥር ቢፈልግ አጣ፤ ልጅቱም እየተወራጨች አላስጠጋ አለችው።

«አባቷ የታሉ?» አለኝ።

«ውጭ ናቸው» አልኩ። ያስወጣኋቸው እኔ መሆኔን አልጨመርኩም።

አያ ዘለቀ ገብተው ራሷን ታፋቸው ላይ አደረጉና «እሙዬ፣ አለሁ» አሏት። ጸጥ አለች። መርፌው በቁርጭምጭሚቷ ገባ። ከዚያ ነርሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ውሃው ለምን በጠብታ እንደሚሰጥ ነገራቸው፤ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ቀና ብለው «ይህን ቀድሞ ማን ነገረኝ?» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ መዘውሯን በመዳፋቸው ሸፍነው ማንንም አላስነኩ።

ጥሩወርቅ በእግሯ ወጣች። የዚያን ዕለት አባቷ መጥተው ጉልበቴን ለመያዝ ጎንበስ አሉ።

«ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ። በገዛ እጄ ልገድላት ነበር።»

ቀና አደረግኳቸውና «እግዜር ይቅር ይበልዎ» አልኩ።

ይኸው ከሆስፒታሉ ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አያ ዘለቀ እስካሁን አይኖሩም፤ ጥሩወርቅ ግን ካለች ወደ ሃምሳው ተጠግታለች። ያን ቀን እንድትደማ ያደረጋት አባቷ ሳይሆን የእኔ ችኮላ እንደነበር አታውቅም። እሳቸውም የደማችው እሳቸውን አጥታ ስትነሣ መሆኑን ሳያውቁ፣ ስለ ይቅርታዬ አመስግነው ሄዱ።