ለሆራስ ቲንዳል ያልተዘረጋው ሰንደቅ

ሆራስ ቲንዳል በመንደራችን ሃምሳ ዓመት ብስክሌት ጠገኑ። ጎማው የተነፈሰበት ሁሉ ወደ እሳቸው ይሮጣል፤ ጥገናው ካለቀ በኋላ ግን አብሯቸው ቁጭ ብሎ የሚያወጋ ሰው አልነበረም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ራዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። አሥራ ሰባት ጊዜ ጀርመን ደርሰው ተመለሱ፤ በአሥራ ስምንተኛው አልበርም አሉ። አለቆቻቸው የበራሪነት ምልክታቸውን ከደረታቸው ገፈፏቸው፤ መዝገባቸውም ላይ «ወኔ የጎደለው» ብለው ጻፉባቸው።

አባቴም እሳቸው በነበሩበት የአየር ኃይል ሰፈር የአውሮፕላን ተኳሽ ነበር። «ያ ሰውዬ» ይላቸዋል እንጂ በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። ንቀቱን ከሱ ወረስኩ። እሱ ሲሞት ደግሞ የበራሪዎች ማኅበርን ሰንደቅ መያዙን ተረከብኩ። አንድ የቀድሞ በራሪ ባረፈ ቁጥር ነጭ ጓንት አጥልቄ እሄዳለሁ፤ የሬሳ ሣጥኑ ሲያልፍ ለሟቹ ክብር ሰንደቁን ዝቅ አደርጋለሁ። በየቀብሩ ሆራስ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆማሉ። መንገዱን ተሻግረው አያውቁም።

አንድ ቀን ብስክሌቴን ልወስድ ስሄድ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣

«ግሬም፣ የኔ ቀን ሲደርስስ ሰንደቁን ይዛችሁ ትመጡልኝ ይሆን?» አሉኝ።

«ደንቡን ያውቁታል እኮ፣ ሚስተር ቲንዳል።»

ደንብ የሚባል ነገር አልነበረም። እዚያው የፈጠርኩት ነው።

«ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» አሉ ቶሎ ብለው። «ፍሬኑን አጥብቄልሃለሁ። ዝናብ ላይ ግን ቀስ እያልክ።»

በዘጠና ሁለት ዓመታቸው፣ በመጋቢት ወር አረፉ። ሰንደቁን መኪናዬ ውስጥ ጫንኩት፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ ግን ሰው ምን ይለኛል ብዬ እዚያው ተውኩትና ባዶ እጄን ገባሁ። የመጣነው ሰባት ሰዎች ነን።

ጸሎቱ አልቆ ሣጥኑን ሲያወጡ፣ ሴት ልጃቸው በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋቸው አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ። የሆራስ አውሮፕላን አብራሪ የነበሩት ዳግላስ ፔል ናቸው፤ ከዮርክ ድረስ መጥተዋል።

«ሰንደቅ ያዡ አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ የታለ?»

«መኪና ውስጥ ነው።»

«መኪና ውስጥ ምን ይሠራል? ብርድ እንዳይመታው ነው?»

«አባዬ፣ ተው እንጂ» አለች ልጃቸው።

«አልተውም! ስማ፣ አንተ። አንዴ ሞተራችን ሲቃጠል፣ ጭሱ እያፈነው ከራዲዮው ሳይነሳ አቅጣጫ ተቀብሎ አገራችን ያስገባን ሆራስ ነው። ሰባታችንንም። ከዚያ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የሻይ ስኒ እንኳ አልይዝ አለው። አለቃው እኔ ነበርኩ። መስክርለት ስባል ለማዕረጌ ፈርቼ ዝም አልኩ። ፈሪ ማየት ካማረህ፣ ይኸው ወንበር ላይ ተቀምጦልሃል።»

ወደ መኪናዬ ሮጥኩ። ጓንቱን ቤት ረስቼዋለሁ፤ ዘንጉን ለመግጠም ስታገል ጣቴን ቆረጠኝ። ስመለስ ሣጥኑ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። አፈር የያዙት ሰዎች ቆመው ጠበቁኝ።

ሰንደቁን ዝቅ አደረግኩ።

«ጨምር» አሉ ፔል ከኋላዬ። «ገና ነው። መሬት ይንካ።»

ጨርቁ ጭቃው ላይ እስኪተኛ ዝቅ አደረግኩት። ቀና ብዬ ሰው ማየት አልቻልኩም።

በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ፣ የሆራስ ቲንዳል ስም ከሟች አባሎቻችን ጋር በማኅበሩ የመታሰቢያ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ አልኩ። ለክርክር ተዘጋጅቼ፣ ፔል የነገሩኝን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ነበር የሄድኩት። ሊቀ መንበሩ ተቃውሞ እንዳለ ጠየቀ። አንድም እጅ አልወጣም። ወዲያው ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ከዓመታት በፊትም፣ በሕይወት እያሉ፣ አባል ይሁኑ ቢባል ማንም አይቃወምም ነበር። የጠየቀላቸው ሰው ነው የጠፋው።