ቀጋ የሚጠጣ ሰው አይታመምም

በእኛ ሰፈር ጋሼ ፍሥሐን ሳያማክር የሚያስነጥስ ሰው የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ሐኪም ሆኑ። የሚያዙት መድኃኒት አንድ ነው፤ ቀጋ። በደብረ ኤልያስ መንገድ ዳር ከእሾኹ መሀል ቀዩን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ሰንጥቀው ጉሮሮ የሚያሳክከውን የውስጡን ጸጉር ይጠርጋሉ፤ ያደርቁና ያፈሉታል። ለጉንፋን ቀጋ፣ ለጉልበት ቀጋ፣ ለደም ግፊት ቀጋ፤ ለሙሽራ ደግሞ ፊቷ እንዲጠራ ቀጋ። “ብርቱካን የሰነፍ ሰው ቀጋ ነው” ይላሉ። ቀጋ በቫይታሚን ብርቱካንን እንደሚበልጥ ስልካቸው ላይ አንብበዋል። “የጤና ጣቢያ በር በየት በኩል እንደሆነ ረስቻለሁ” ሲሉ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ከአጥር ማዶም እንዲሰማ።

መሳቁ ቀላል ነው። ነገር ግን ጡረታ ከወጡ ወዲህ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ የሚመጣው ቀጋ ፍለጋ ነው። ቀጋው ከታማ በሩ ዝም ይላል። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ።

ኅዳር ላይ ታመሙ። ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ደረት የሚሰነጥቅ ሳል። ቀጋቸውን ጠጡ፤ ደግመው ጠጡ። ሳሉ ቀጋውን ሳይወደው አልቀረም፤ ባሰበት።

“ጤና ጣቢያ እንሂድ” አለች ሚስታቸው እቴናት።

“ሥራነሽ እንድትስቅብኝ?”

ወይዘሮ ሥራነሽ ጎረቤት ናት፤ ጆሮዋን ግድግዳ አያግደውም። በማግስቱ ጠዋት ከደጅ ተጣራች። “ቤቶች! የታመመ ሰው አለ እንዴ? ሲስል አደረ።”

ጋሼ ፍሥሐ ከመጋረጃው ኋላ ሆነው “እቴናት ናት” አሉ።

ውሸቱ ሲወጣ ቀላል ነበር። ነገር ግን የእኛ ሰፈር ታማሚ ሳይጠይቅ አይውልም።

“ቶሎ ጋደም በይ” አሏት እቴናትን።

“ሥራውስ?”

“እኔ እሠራለሁ።”

እቴናት ካገባች ጀምሮ በቀን ጀርባዋ ፍራሽ ነክቶ አያውቅም። ጋደም አለች። ጋቢውን እስከ አገጯ ሳበች። ተመቻት።

ሰው እየተከታተለ ገባ። አጥሚት መጣ፣ ዳቦ መጣ፤ ሥራነሽ ብርቱካን ይዛ መጣች። ጋሼ ፍሥሐ በርጩማ ያቀርባሉ፣ ብርጭቆ ያጥባሉ፣ ሳላቸውን ይውጣሉ። ፊታቸው የሚለቅሙትን ፍሬ መሰለ።

የእድሩ ዳኛ አቶ አምደሚካኤል አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። “እኔን የገረመኝ፣ በቀጋ ቤት ሰው እንዴት ይታመማል?”



“አትጠጣማ” አሉ ጋሼ ፍሥሐ። “ስንቴ ለመንኳት።”

እቴናት ብርቱካኗን መላጥ አቆመች። “ከእኔ የበለጠ ቀጋ የጠጣ ካለ ይምጣ። ለሰው አድሎ የተረፈው ወደ ማን የሚሄድ መስሏችኋል?”

“እና ምንም አልረዳሽም?” አለች ሥራነሽ።

“ሽንት ቤት አመላልሶኛል። ሐሰት አልናገርም።”

ጋሼ ፍሥሐ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳሉ ቀደማቸው። ከጠዋት ጀምሮ የዋጡት ሳል ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ግድግዳ ተደግፈው ሳሉ፣ ጎንበስ ብለው ሳሉ። በመጨረሻ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ቀና አሉ። እቴናት በትራስ ተደግፋለች፤ ሰው ሁሉ የተቀመጠው ወደ እሷ ዞሮ ነው።

“የታመምኩት እኔ ነኝ” አሉ። “እሷ ደኅና ናት።”

ሥራነሽ ራሷን ነቀነቀች። “አዪ ወንዶች፣ ሚስት ስትጠየቅ እንኳ ትቀናላችሁ።”

“እውነቴን ነው። ግንባሬን ንኪው።”

“ምድጃ ስር ሲያጎነብሱ ስለዋሉ ነው። ሥራ ያልለመደ ሰው ጭሱ ነው የሚያስለው።”

“ጋሼ፣ እርስዎማ አይታመሙም” አሉ አቶ አምደሚካኤል በርኅራኄ። “ስንት ዘመን ነግረውናል።”

እንግዶቹ ለእቴናት “እግዚአብሔር ይማርሽ”፣ ለባሏ “በርቱ፣ ያስታምሟት” እያሉ ወጡ። አቶ አምደሚካኤል ግን ከደጅ ተመለሱ። ለጉልበታቸው ትንሽ ቀጋ ፈልገዋል።

“አልሠራልኝም ስትል ሰምተው የለም?” አሉ ጋሼ ፍሥሐ።

“ለእሷ ባይሆናት ለእርስዎ ሆኗል። ይኸው ቆመዋል።”

ጋሼ ፍሥሐ ሰፈሩላቸው። የቀጋው ስም ድኗል።

ደጁ ሲዘጋ እቴናት ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች።

“ና፣ ጋደም በል” አለች። “ሰው ከመጣ ትነሣለህ።”