ፋሲካን ያስወጣሁበት ጥናት

የእህቴ ልጅ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን የሠራችው በበግ ዋጋ ላይ ነው። ጓደኞቿ ስለ ውጭ ምንዛሪ ሲጽፉ፣ እሷ ለዓመታት በየቅዳሜው የተመዘገበውን የሸጎሌን የበግ ገበያ ዋጋ ወስዳ ከሳምንት ሳምንት በመቶ ስንት እንደተለወጠ አሰላች፤ የአክሲዮን ትርፍ እንደሚሰላው ማለት ነው። ጥያቄዋ ዋጋው ይወጣል ወይስ ይወርዳል አልነበረም። መዋዠቁ ራሱ አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ ይላል ወይ፣ የተናወጠ ሳምንትስ ሌላ የተናወጠ ሳምንት ያስከትላል ወይ የሚል ነበር። በዚያ ክረምት ካልተመረቀች ያገኘችው የባንክ ሥራ ያመልጣታል።

እንግሊዝኛውን እንዳርምላት አዲሱ ገበያ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። ያልተጠየቅሁትን መምከር ልማዴ ነው። ግራፉ ለወራት ተኝቶ ይሄድና በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዙሪያ ይዘላል።

«እነዚህን ሳምንታት አውጪያቸው» አልኳት። «ገበያው ያበደበት ቀን ማስረጃ አይሆንም።»

«ጋሼ፣ ግን እኮ…»

«ግን የለም። እኔም ጽሑፍ ሳርም መጀመሪያ የማወጣው የሚጮኸውን ነው።»

አወጣች። የስሌት ሞዴሏም መዋዠቁ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው አለ። ግራፉ አማረ።

ጥናቷን በምታቀርብበት ቀን ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ሽበታም መምህር፣ ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ልጄ፣ እዚህ አገር በግ በብዛት የሚታረደው መቼ ነው?»

«በበዓል።»

«ታዲያ ፋሲካን የት አደረግሽው? ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው የጾመን ሕዝብ ከገበያ አስወጥተሽ፣ ገበያው ረጋ ትይናለሽ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ ወደ እኔ አልዞረችም፤ ብትዞር ይሻለኝ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ አርማ እንድትመለስ ተነገራት።

ታክሲ ውስጥ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ። «በበዓል በግ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ምክር ሰማሁ።»

እውነቷን ነው። ግርግሩን ሽሽት የምገዛው ፋሲካ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ይህንንም እንደ ብልህነት እቆጥረው ነበር።

ሳምንታቱን መለሰቻቸውና መዋዠቁ እንዲለዋወጥ በሚፈቅድ ሞዴል እንደገና ሠራችው። የበዓሉ ነውጥ በማግስቱ አያበቃም፤ እየቀነሰ ለሳምንታት ይቀጥላል። ገበያው ረጋ ብዬ በግ የምጎትትበት ቅዳሜም ገና እየተናወጠ ነበር።

አለፈች፤ በዚያው ክረምትም ተመረቀች። የምስጋናው ገጽ ላይ «እንግሊዝኛውን ላረሙልኝ አጎቴ» ብላለች። ስለ ምክሬ ምንም አልጻፈችም።