ባና የለበሰው ኮምፒውተር

ታናሽ ወንድሜ የጌም ኮምፒውተሩን ዕቃ የመረጠው በበግ አስልቶ ነው። አባታችን የሰጠው ሦስት ሙክት ነበረው። አንዱ ብቻ መሐል ሜዳ ገበያ ከወጣ አሮጌ ፕሮሰሰር ይገዛል፤ ሁለት ከተሸጡ ሜሞሪ ይጨምራል፤ ሦስቱም ከሄዱ ግን ጌሙን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ግራፊክስ ካርድ ይኖረዋል። ሦስቱም ሄዱ። ለተጨማሪ ማቀዝቀዣ ፋን የሚተርፍ አልነበረም። «በመንዝ ብርድ ደግሞ ፋን ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንድ ጧት ጌም እየጫነ ሳለ ሳያጠፋው ወጣ። እናታችን ኮምፒውተሩ ሲያጓራና ሲንቀጠቀጥ ብታይ ብርድ የመታው መሰላት። ከራሷ አልጋ የበግ ጠጉር ባናዋን አንስታ ሸፈነችው። እሱ ሲመለስ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ካርዱ አልቆለታል። እኔ በግኜ ልጮህባት አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘኝ።

«ምንም አልሆነም እማዬ፣ ተኝቶ ነው» አላት።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ካርድ የሚገዛበት ሠርቶ ሊመጣ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ተነሣ። የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች ተባለ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ እናቴም ለቅሶ አልቀመጥም አለች።

ባናው እስካሁን ከኮምፒውተሩ አልወረደም። አቧራ ልጠርግ ብዬ ሳነሣው ትቆጣኛለች።

«ተይው! ሲመጣ ቀዝቅዞ እንዳያገኘው።»